የእንግዳ ከተማ ሞቃዲሾ

ሞቃዲሾ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ጦርነት ነው። የሲያድ ባሬ መንግሥት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ከወደቀ ወዲህ የተወለደ ሰው ከተማይቱን ከፍንዳታ ዜና ውጪ አያውቃት ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህች በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የተቆረቆረች፣ ነዋሪዎቿ «ሐመር» የሚሏት ጥንታዊት የእስልምና ከተማ ስሟ የሚነሳው በሌላ ነገር ነበር፤ በእንግዳ አቀባበሏ።

ለዚህ ምስክራችን ታዋቂው መንገደኛ ኢብኑ በጡጣ ነው። በ1331 ገደማ በመጀመሪያ የደረሰው ዘይላዕ ሲሆን፣ የዓሣውና የሚታረደው ግመል ደም ሽታ አስመርሮት ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። (የዘይላዕ ወዳጆች ይቅር ይበሉት!) ከዚያ 15 ቀን በባሕር ተጉዞ ሞቃዲሾ ገባ።

በዚያ ያገኘው ልማድ እንዲህ ነው። መርከብ ሲደርስ የከተማይቱ ወጣቶች በትናንሽ ጀልባዎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ የተከደነ ምግብ ይዞ ለአንድ ነጋዴ ያቀርብና እንግዳው መሆኑን ይናገራል። ነጋዴውም በከተማው የሚያውቀው ሰው ከሌለው በዚያ ወጣት ቤት ያርፋል፤ አስተናጋጁም ይሸጥለታል፣ ይገዛለታል። እንግዳውን አታልሎ በርካሽ የገዛው ወይም አስተናጋጁ በሌለበት የሸጠለት ቢኖር ውሉ ይፈርስ ነበር። እርግጥ ነው፣ አስተናጋጁም ከዚህ ይጠቀማል። ቢሆንም አገሩን የማያውቅ ሰው እንዳይበደል የሚጠብቅ ሥርዓት ነበር።

ኢብኑ በጡጣ ነጋዴ ሳይሆን የፊቅህ ሰው ነውና የተቀበለው ቃዲው ነበር፤ ተማሪዎቹን አስከትሎ ባሕሩ ዳር ድረስ መጣ። ማረፊያውም በተማሪዎቹ ቤት ሆነ። የቀረበለትን ማዕድ ሲተርክ በቅቤ የበሰለ ሩዝ፣ የዶሮ፣ የሥጋና የዓሣ ወጥ፣ በወተት የተቀቀለ ሙዝ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ማንጎ ይቆጥራል። የነዋሪው አበላል ብዛትም ሳያስገርመው አልቀረም።

እርሱ ከመምጣቱ 60 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ667 ዓመተ ሂጅራ (1269) የተሠራው የፈኽረዲን መስጊድ እስከ ዛሬ በሐመር ወይኔ ሰፈር ቆሟል።

ከዚያ በኋላ በባሕሩ የመጣው ሁሉ እንግዳ አልነበረም። በ1499 ቫስኮ ዳ ጋማ ከሕንድ ሲመለስ ከተማይቱን በመድፍ ደበደበ። ጣሊያን በ1892 ተከራየቻት፣ በ1905 ገዛቻት። በ1960 የነፃይቱ ሶማሊያ ዋና ከተማ ሆነች። በ2006 መጨረሻ የአገራችን ጦር ገብቶ እስከ 2009 መጀመሪያ ቆይቷል።

አሸባብ በ2011 ከመሐል ከተማው ከወጣ ወዲህ ሞቃዲሾ እየተገነባች ነው። ሆቴሎችና ፎቆች ተነሥተዋል፤ ጁምዓ ሲሆን ሊዶ በተባለው የባሕር ዳርቻ ቤተሰብ ይዝናናል፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ። ነሐሴ 2 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.)፣ በዕለተ ጁምዓ ምሽት፣ አሸባብ በዚሁ ዳርቻ ላይ አደጋ ጥሎ ከ30 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ2016ም በዚያው ሥፍራ ምግብ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ተገድለዋል። የዚህች ከተማ ዳርቻ እንግዳ ምግብ ተይዞ የሚጠበቅበት ዳርቻ ነበር። ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሙስሊም መግደልን ከየትኛው ፊቅህ እንዳገኙት እነርሱ ይመልሱ።

ከተማይቱን ያሳደጋት ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ዳር ዳሩን በጨርቅና በቆርቆሮ ጎጆ ሞልተውታል። የመሬት ዋጋ ሲንር ባለመሬቱ ይመጣና ጎጆው ይፈርሳል፤ ተፈናቃዩም ዕቃውን ተሸክሞ ከከተማው የበለጠ ይርቃል። እነዚህ በጀልባ አልመጡም፣ የሚሸጡትም ሸቀጥ የላቸውም።