በሄሊኮፕተር የማረፍ ስልጠና ላይ የሚደርሱ አደጋዎች

በሄሊኮፕተር የማረፍ ስልጠና ላይ የሚደርሱ አደጋዎች የሚባሉት ሰልጣኝ አብራሪ መውረድንና መሬት መንካትን ሲለማመድ የሚያጋጥሙ አደጋዎች ናቸው። ሄሊኮፕተሩ ለመሬት ቅርብ ስለሚሆን ስህተትን ለማረም ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። አንዳንዶቹ አደጋዎች የሚደርሱት ሕይወት ለማዳን የሚሰጠው ትምህርት በልምምድ ላይ እያለ ነው።

ኦቶሮቴሽን

ሞተሩ በአየር ላይ ቢጠፋም ሄሊኮፕተር ወዲያው እንደ ድንጋይ አይወድቅም። አብራሪው ኮሌክቲቭ የተባለውን ዘንግ በፍጥነት ዝቅ ካደረገ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው አየር ሮተሩን ያሽከረክረዋል። ይህ አወራረድ ኦቶሮቴሽን ይባላል። አብራሪው ወደ መሬት ሲቃረብ የሄሊኮፕተሩን አፍንጫ ቀና አድርጎ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚያም ኮሌክቲቩን አንስቶ በሮተሩ ውስጥ በተጠራቀመው ጉልበት ያርፋል። ጉልበቱ የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮሌክቲቩ ቀድሞ ከተነሳ ሮተሩ ገና ከፍታ ላይ ሳለ ይደክማል፤ ከዘገየ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ መሬቱን በኃይል ይመታል። ስለዚህ በብዙ ልምምዶች የሞተሩ ኃይል ይቀነሳል እንጂ ሞተሩ አይጠፋም፤ መሬት ከመንካቱ በፊትም ኃይሉ ይመለሳል።

በጎን መገልበጥ

አንዱ የማረፊያ እግር በጭቃ፣ በሣር ወይም በተዳፋት መሬት ላይ ቢያዝ ሄሊኮፕተሩ በዚያ እግር ዙሪያ ሊገለበጥ ይችላል። ሰልጣኙ ደንግጦ ለመነሳት ኮሌክቲቩን ከሳበ መገልበጡ ይፋጠናል። ትክክለኛው እርምጃ ኮሌክቲቩን በእርጋታ ዝቅ ማድረግ ነው።

የቀለበት አዙሪት

ሄሊኮፕተሩ ወደፊት እምብዛም ሳይጓዝ፣ ሞተሩ ኃይል እየሰጠ፣ በደቂቃ ከ300 ጫማ (90 ሜትር ገደማ) በላይ ቀጥ ብሎ ከወረደ ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። እዚህም ኮሌክቲቩን መሳብ ነገሩን ያብሳል። የተለመደው መውጫ ወደፊት ወይም ወደ ጎን በመብረር ከተረበሸው አየር መራቅ ነው።

ሮቢንሰን አር22

ሮቢንሰን አር22 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚሠራ፣ ለስልጠና በብዛት የዋለ ባለሁለት መቀመጫ ሄሊኮፕተር ነው። ሮተሩ ቀላል በመሆኑ የሚያጠራቅመው ጉልበት ጥቂት ነው፤ የአብራሪው መዘግየትም በቶሎ ለአደጋ ይዳርጋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ልዩ ደንብ መሠረት ሰልጣኝ በዚህ ሄሊኮፕተር ብቻውን ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 20 ሰዓት ከአሰልጣኝ ጋር መብረር ነበረበት።

መከላከያ

ሰልጣኝ ከስህተቱ እንዲማር አሰልጣኙ ጥቂት ይታገሠዋል፤ ትዕግሥቱ ከበዛ ግን ለማረም ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ አሰልጣኙ መሪውን የሚረከብበትን ገደብ ከበረራው በፊት ይወስናል። መሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ሁለቱ በድምፅ ይረጋገጣሉ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ሌላው ይዞታል ብለው ካሰቡ ሄሊኮፕተሩን የሚመራው ሰው አይኖርም።