በገዳሪፍ ጥሩ የሐበሻ ምግብ የት ይገኛል?

በመተማ በኩል ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባ ወገናችን ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ታሪክ ስላለው፣ ልጆቻችን ያውቁት ዘንድ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ልናሰፍረው ወደድን።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በእንግሊዞች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በትራክተር ማረስ ከተጀመረ ወዲህ ማሽላዋ የሱዳን ዋና ቀለብ ሆኗል። ጤፍ ግን ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ውድ እህል ነው። ስለዚህ እናቶቻችን እንጀራውን በማሽላ ጋገሩት። የማሽላ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ ሊጡም በዚህ ሙቀት ፈጥኖ ይኮመጥጣል። የጥሩ ቤት የመጀመሪያ ምልክት እንግዲህ በየዕለቱ መጋገሩ ነው።

የኡም ራኩባ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፈተ። በ1984 እና በ1985 ደግሞ ረሃብና ጦርነት እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን አፈለሰ። ከመጠለያ ወጥታ ከተማ ለገባች ሴት በትንሽ ገንዘብ የሚጀመረው ሥራ ምጣድና ድስት ነበር።

ችግሩ ግን ገበታው ላይ ነበር። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ በገዳሪፍ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ደግሞ የሙስሊም እርድ ነው። ልማዱን አጥብቆ የያዘ ክርስቲያን ሥጋ ወጥ ካለበት ገበታ ይርቅ ነበር። አብረው የተሰደዱ ሰዎች በምሳ ሰዓት እንዳይለያዩ ያደረገው ሽሮ ነው። ሽሮና ምስር ለሁሉም ይሆናል፤ ረቡዕና ዓርብንም አያስታጉልም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ታውጆ ጠጅና ጠላ ሲከለከሉም የእንግዳ መቀበያው ቡና ሆነ። የምሥራቅ ሱዳን ሰውም ቡናውን በጀበና፣ ዝንጅብል ጨምሮ ስለሚያፈላ፣ በዚህ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተግባባን።

ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዘጋ፤ በ2020 ከትግራይ ለተሰደዱ ወገኖች እንደገና ተከፈተ። በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣም ከካርቱም የሸሹ ብዙዎች ገዳሪፍ ደረሱ። በየጊዜው አዲስ መጤ አለና ጥያቄውም አይቀርም።

ስለዚህ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ እንዲህ በሉት፦ የበሩን ጽሑፍ አትመልከት። እንጀራው የዛሬ መሆኑን ጠይቅ፤ ሽሮ መኖሩን እይ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራውና ትግሬው፣ ኦሮሞውም በአንድ ትሪ ዙሪያ መቀመጣቸውን ተመልከት። ጥሩው ቤት እሱ ነው።