የመንገደኛው ባቡር የሥራ ዘመን፤ ከሞጆ እስከ አዋሽ

«ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ መንገደኛ ነው። «እንፋሎት» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ ወደቦች ሲያልፍ፣ በእንፋሎት ኃይል ባሕር የሚሻገረው መርከብ መጠሪያ ሆኖ ነበር። በእኛ አገር ግን ቃሉ ከባሕር ወደ ሐዲድ ወጣ። የታንኳ መሻገሪያ በወንዝ ዳር መንደር እንደሚቈረቍር ሁሉ፣ የመንገደኛው ባቡርም በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ከተሞችን ቈረቈረ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። የውሉ ታሪክ የነገሥታትና የባለ አክሲዮኖች ታሪክ ነው፤ የዕለት ተዕለት ጉዞው ታሪክ ግን የሠራተኛው ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሣ ባቡር ከ2,300 ሜትር በላይ ካለው ደጋ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ከዚያም በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል አዋሽ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ለነጂው ቍልቍለቱ የፍሬን፣ ዳገቱ የእሳት ፈተና ነበር። በእንፋሎቱ ዘመን እሳት ለኳሹ በቆላው ሐሩር ላይ የምድጃውን ወላፈን ደርቦ ይሠራ ነበር። ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመቶዎች ሕይወት አንዱ የጣቢያ ሹም ለሌላው በሚያስተላልፈው መልእክት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ ስለ ነበር፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ዝና የመነጨው ከዚሁ አዳር ነው።

ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ገበያ ቆመ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ፈረንሳይኛ በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ፤ ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ከባላገሩ አንደበት ገብቶ «ለገሃር» ሆነ። አዳማ የከተማ መልክ የያዘችው በጣቢያዋ ዙሪያ ነው። ኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ናዝሬት» ተባለች፤ ሕዝቡ ያልረሳው የቀድሞ ስሟ በ1992 ዓ.ም. በይፋ ተመለሰላት። በ1940ዎቹ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያም የቆቃ ግድብ ሲጠናቀቅ፣ አካባቢው የእርሻና የፋብሪካ ላብ አደር መናኸሪያ ሆነ።

በዚሁ ዘመን የናፍጣው ሞተር እንፋሎቱን እየተካ መጣ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያው እኩል ባለድርሻ ሆነች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። የምድር ባቡር ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ ከመፈቀዳቸው አስቀድሞ ለመደራጀት ከተነሡት የአገራችን ላብ አደሮች መካከል ነበሩ። የሕብረት ትምህርታቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው፤ ከነጂው፣ ከሐዲድ ጠጋኙና ከጣቢያ ሹሙ አንዱ ቢጎድል ባቡሩ አይንቀሳቀስምና።

ይሁን እንጂ መንገዱ መከራ አላጣውም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረን ጊዜ መሥመሩ ተቈረጠ፤ ድልድዮች ፈረሱ። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የሐዲዱን መደብ ስለ ተጋፋው፣ መደቡን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ከሁሉም የከፋው በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰው አደጋ ነው። ባቡሩ በድልድይ አጠገብ ካለ ጠመዝማዛ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ ከከፉት አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው።

ባቡሩ ሲያረጅ የጭነት መኪናው እየበረታ ሄደ። የአሰብ መንገድ ጭነቱን ወሰደ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ ተቋረጠ። አዳማ የመኪና መንገድም ስለሚያልፍባት አደገች እንጂ አልጠፋችም፤ ኑሯቸው በባቡሩ ፉጨት ላይ የቆመ ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ዝም አሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሰፊ ሐዲድ፣ በፍጥነትም የተሻለ ነው፤ ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ እምብርት ርቀው የተሠሩ ናቸው። የአሮጌው ባቡር ከተማን ሲወልድ፣ አዲሱ ከተማን በዳር ያልፋል። ይህን ልዩነት ማጤን የናፍቆት ጉዳይ አይደለም፤ መንገድ ለማን እንደሚሠራ የመጠየቅ ጉዳይ ነው።

በመምህሩ፣ በደራሲውና በሠዓሊው ፊት ያለው ሥራ ከዚህ ይመነጫል። ብረቱ ዝጎም ቢሆን በቦታው ይቆያል፤ እሳት የለኮሰው፣ መልእክት ያስተላለፈው፣ በጣቢያው ሸጦ ልጅ ያሳደገው ሰው ግን ያልፋል። አረጋውያኑ የሐዲድ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይጻፍ፤ በአዋሽ ያለቁትም በቍጥር ብቻ ሳይሆን በስማቸው ይታወሱ።