ሶዲየም ፍሎራይድ፦ ጠባዩ፣ አመራረቱና የአያያዝ ጥንቃቄው

ሶዲየም ፍሎራይድ ከሶዲየምና ከፍሎሪን የተገኘ፣ ነጭና ሽታ የሌለው ውህድ ነው። ሲታይ ከገበታ ጨው ወይም ከዱቄት ወተት ብዙም አይለይም። በጥርስ ሕክምና፣ በውሃ አቅርቦት፣ በብረታ ብረት ሥራና በቤተ ሙከራ አገልግሎት የሚሰጥ ሲሆን፣ በብዛት ወደ ሰውነት ሲገባ ግን ገዳይ መርዝ ነው። በመሆኑም ለመጋዘን ኃላፊዎች፣ ለውሃ ሥራ ባለሙያዎችና ለቤተ ሙከራ ተቆጣጣሪዎች የውህዱን ጠባይ ማወቅ የሥራ ግዴታ ያህል ነው።

ከውህዱ ክብደት 45 በመቶ ያህሉ ፍሎራይድ ነው። ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ ሁለት ተኩል ጊዜ ይበልጣል። የሚቀልጠውም ወደ 993 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ነው። አይቃጠልም። በአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ያህል የሚሟሟ ሲሆን፣ ውሃው እስኪፈላ ቢሞቅ እንኳ የሚሟሟው መጠን ወደ 50 ግራም ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ይህ ጠባዩ በተግባር ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። በአነስተኛ የውሃ ተቋማት ውሃውን በውህዱ ንብርብር ውስጥ በማሳለፍ፣ የአየሩ ሙቀት ቢለዋወጥም መጠኑ እምብዛም የማይለወጥ ሙሙት ማግኘት ይቻላል። በተፈጥሮ ቪሊዮማይት በሚባል ብርቅ ማዕድን መልክ ይገኛል። ማዕድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በጊኒ የባሕር ዳርቻ ከሚገኙት የሎስ ደሴቶች በተወሰደ ናሙና ነው።

የዚህን ውህድ ነገር በቅጡ ለመረዳት ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ያለውን ግንኙነት መመልከት ያስፈልጋል። የሶዲየሙ ጨው በቀላሉ በውሃ ሲሟሟ የካልሲየሙ ጨው ግን በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊግራም እንኳ ያነሰ ነው የሚሟሟው። ፍሎራይድ ካልሲየም ባገኘበት ስፍራ ሁሉ ይይዘዋል፣ ከእርሱም ጋር ይዘቅጣል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚታየው ችግር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣው ፍሎራይድ የሚደርሰው ሶዲየም ወደበዛበትና ካልሲየም ወደጎደለው የከርሰ ምድር ውሃ በመሆኑ፣ የሚያዘቅጠው ነገር አጥቶ በውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው በርካታ ጉድጓዶች ይህ መጠን ታልፏል። የጥርስ መበለዝ በስፋት ታይቷል፤ በወንጂ አካባቢም የአጥንት መጎዳት በጥናት ተረጋግጧል። ፍሎራይዱን ለመቀነስ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ የሚጠቀመው፣ በሕንድ ናልጎንዳ ስም የሚጠራው ዘዴና ከተቃጠለ አጥንት የሚዘጋጅ ማጣሪያ በሸለቆው መንደሮች ተሞክረዋል።

ሶዲየም ፍሎራይድን በፋብሪካ ለማምረት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ፍሎራይት የተባለው ማዕድን ነው። ማዕድኑ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲሞቅ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል፤ ይህም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሶዲየም ካርቦኔት ሲገታ የሚፈለገው ጨው ይገኛል። ሌላው መንገድ የፎስፌት ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት የሆነውን ሄክሳፍሎሮሲሊሲክ አሲድ መጠቀም ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ሲሊካውን ለይቶ ማውጣትን ይጠይቃል። ሁለቱም ሥራዎች እጅግ አደገኛ በሆኑ አሲዶች የሚከናወኑ ስለሆኑ ተገቢው መሣሪያ ባለው ፋብሪካ እንጂ በተራ ቤተ ሙከራ የሚሞከሩ አይደሉም። ለመሥሪያ ቤቶች ተዘጋጅቶ የታሸገውን መግዛት ይበጃል።

ውህዱ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል። በዚህም ቢሆን የካልሲየም ጉዳይ አይቀርም፤ ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት ሳሙና ፍሎራይዱን ስለሚይዘው አምራቾች ከሶዲየም ፍሎራይድ ጋር ሲሊካን ይመርጣሉ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ግራንድ ራፒድስ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 1945 ወደ ሕዝብ ውሃ ፍሎራይድ በመጨመር ከዓለም የመጀመሪያዋ ስትሆን የተጠቀመችውም ይህንኑ ውህድ ነው። ውሃው አስቀድሞ ፍሎራይድ በበዛበት አገር ግን ይህን መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አንድ ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ ፍሎራይድ የሌለውን 300 ሊትር ያህል ውሃ ወደ 1.5 ሚሊግራም ያደርሳል። ከ5 እስከ 10 ግራም የሚሆነው ደግሞ አዋቂን ሰው ሊገድል ይችላል። 10 ኪሎግራም ለሚመዝን ሕፃን ከአንድ አስረኛ ግራም ጥቂት ከፍ ያለ መጠን ለአስቸኳይ ሕክምና የሚያበቃ ነው። መርዙ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዝ በመጀመሪያ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስና ተቅማጥ፣ ቀጥሎም የጡንቻ መኮማተርና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል።

በዚህ ረገድ በብዙዎች ዘንድ የሚጠቀሰው አደጋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942 በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት፣ ሳሌም ከተማ በሚገኘው የግዛቱ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የደረሰው ነው። ለበረሮ ማጥፊያ የተቀመጠው ሶዲየም ፍሎራይድ ዱቄት ወተት መስሎ ከመጋዘን ወጥቶ ለእራት በቀረበው እንቁላል ፍርፍር ውስጥ ተጨመረ። 47 ሕሙማን ሲሞቱ ከ200 በላይ ሰዎች ታመሙ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ደግሞ በአላስካ ሁፐር ቤይ መንደር የመጨመሪያ መሣሪያው በመበላሸቱ የውሃው ፍሎራይድ በሊትር 150 ሚሊግራም ደርሶ አንድ ሰው ሞቷል፤ በርካታ ነዋሪዎችም ታመዋል። የመጀመሪያው አደጋ የመጋዘን አያያዝ ጉድለት ሲሆን ሁለተኛው የቁጥጥር ነው። ሁለቱም በቀላል ጥንቃቄ ሊታገዱ ይችሉ ነበር።

ስለዚህ ውህዱ ከምግብ፣ ከወጥ ቤት ዕቃና ከመድኃኒት ርቆ፣ በቁልፍ በሚዘጋ ደረቅ ክፍል መቀመጥ አለበት። በውሃ ተቋማት መጋዘን ኖራ፣ አሉሚኒየም ሰልፌትና የክሎሪን ዱቄት ሁሉም ነጭ እንደሆኑ መዘንጋት አይገባም። የመርዝ ምልክትና ስሙ በአማርኛም ጭምር በመያዣው ላይ ሊጻፍ፣ ወጪውና ገቢው በመዝገብ ሊያዝ ይገባል። ባዶው ከረጢት ወይም በርሜል ለእህልና ለውሃ መያዣ እንዳይውል ተቆርጦ ወይም ተበስቶ መወገድ አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ቸል የሚባል ጉዳይ ነው። ሙሙቱ ብርጭቆን ቀስ በቀስ ስለሚበላ መያዣው ፕላስቲክ ይሁን። ከአሲድ ጋር በአንድ ስፍራ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ሲገናኙ ሳንባንና ቆዳን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል። ዱቄቱን የሚመዝን ሠራተኛ የአቧራ መከላከያ ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት ያደርጋል፤ በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 2.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው።

ውህዱን የዋጠ ሰው ራሱን ካልሳተ ወተት ሊሰጠው፣ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም። ሐኪሞች የካልሲየም ግሉኮኔት መርፌ በመስጠትና የልብ ምቱን በመከታተል ያክማሉ። የጠፋው ጊዜ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል የውህዱን ስም የያዘ መለያ ከታማሚው ጋር መላክ ያስፈልጋል። ዓይን ከተነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል።

የፈሰሰ ዱቄት በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ አቧራው ስለሚነሳ በእርጥብ ጨርቅ ተሰብስቦ በፕላስቲክ ዕቃ ይከተታል። የተረፈው ሙሙት ወደ ቦይም ሆነ ወደ ወንዝ አይደፋም። በኖራ ሲታከም በቀላሉ የማይሟሟው ካልሲየም ፍሎራይድ ስለሚዘቅጥ፣ ዝቃጩ ተለይቶ ስለ አደገኛ ቆሻሻ በወጣው ደንብ መሠረት ይወገዳል።