«ከእኛ ጋር አትጫወቱም» የተባሉት የኦሎምፒክ ሻምፒዮኖች

በአይስ ሆኪ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው ዊኒፔግ ፋልከንስ የሚባል የካናዳ አማተር ቡድን ነው። ከአንዱ በቀር ሁሉም የአይስላንድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ፤ በዚህም በከተማቸው ይናቁ ነበር። አዎ፣ ነጭ ነጭን!

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብረው ዘመቱ። ፍራንክ ቶርስታይንሰንና ጆርጅ ከምበርስ እዚያው ቀሩ። አምበሉ ፍራንክ ፍሬድሪክሰን የተሳፈረባት መርከብ ሜዲትራኒያን ላይ በቶርፒዶ ተመትታ ስትሰምጥ ለጥቂት ተረፈ።

ሲመለሱ የዊኒፔግ ትልቁ ሊግ አላስገባም አላቸው። እነሱም ከብራንደንና ከሰልከርክ ቡድኖች ጋር የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ። በ1920 እ.ኤ.አ. የዚያኑ ሊግ ሻምፒዮን ደቆሱት፤ የካናዳ አማተሮችን አለን ካፕም አነሱ። በዚያው አንትወርፕ ገብተው ቼኮዝሎቫኪያን 15 ለ 0፣ አሜሪካን 2 ለ 0፣ ስዊድንን 12 ለ 1 ረቱ።