በ1888 ዓ.ም. የተጀመረ እይታ፦ ራጅ፣ ሲቲ ስካንና የአፍንጫ ዕጢ



ንግግሬን ከአንድ ዓመት እጀምራለሁ። ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን አገር ጨረሩን ያገኘው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ነው። አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን፣ ዓድዋ ሆነ። በግንቦት ደግሞ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት ኢጣሊያውያን ወታደሮችን በኔፕልስ ራጅ አንሥቶ፣ በክንዳቸው የቀረውን ጥይት ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ከእኛው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ጥይት ብረት ነውና በራጅ ጎልቶ ይታያል። አፍንጫና ሳይነስ ግን አየር የሞላባቸው፣ በስስ አጥንት የተከፋፈሉ ጓዳዎች ናቸው፤ በራጅ ላይ አንዱ በሌላው ይደረባል። ኦስቲዮማ የተባለው የአጥንት ዕጢ ይለይ ይሆናል፤ ለስላሳ ዕጢና የታቆረ ፈሳሽ ግን አንድ ዓይነት ጥላ ይጥላሉ። ቢሆንም ጥላውን በጥንቃቄ ያነበቡ ነበሩ። በ1965 እ.ኤ.አ. ሆልማንና ሚለር የጉንጭ ሳይነስ የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት መጉበጡ የአንጂዮፋይብሮማ ምልክት መሆኑን አመለከቱ። ይህ ዕጢ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ወንዶችን የሚይዝ፣ ካንሰር ያልሆነ፣ ነገር ግን በደም ሥር የተሞላ ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. የሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን በለንደን የመጀመሪያውን ታካሚ ሲያነሣ መደራረቡ ቀረ፤ ስሱ አጥንት የት እንደ ጎበጠ፣ የት እንደ ሳሳ በየንብርብሩ ታየ። ኋላ የመጣው ኤምአርአይ ዕጢን ከታቆረ ፈሳሽ ለየ። ሐኪሙ ቢላ ከማንሣቱ በፊት የዕጢውን ወሰን ለማወቅ ቻለ።

ይህን የምናገር የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ያደግሁት ቱም ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የዘመዴ ልጅ ባንድ በኩል አፍንጫው ተደፍኖ ይነስረው ነበር። ለወራት የሳይነስ መድኃኒት ወሰደ። በኋላም በአንድ የጤና ተቋም፣ ምስል ሳይነሣ፣ ከእብጠቱ ናሙና ሊወሰድ ተሞከረ፤ ደሙ አልቆም ብሎ በጭንቅ ተረፈ። ወደ አዲስ አበባ ወስደነው ሲቲ ስካን ተነሣ። ራዲዮሎጂስቱ በጣቱ ያሳየን የጎበጠ አጥንት ሆልማንና ሚለር የጻፉለት ያው ምልክት ነበር። ምልክቱ ከታወቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ወደ ልጁ ግን በጊዜ አልደረሰም።

ስለዚህ የሕክምና ምስል ታሪክ የፈልሳፊዎች ዝርዝር ብቻ ሆኖ ሊጻፍ አይገባውም። ዕውቀቱ ከተገኘበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ማጂ ደጋ የተጓዘበት መንገድም ታሪክ ነው። ነገ በየጤና ጣቢያው የምትመደቡ ተማሪዎች፣ መሣሪያው ባይኖራችሁ እንኳ ቅደም ተከተሉ ይኑራችሁ፤ ባንድ በኩል አፍንጫው የተደፈነና የሚነስረው ጎረምሳ ሲመጣ ምስል ሳይነሣ አይቆረጥ፤ በቶሎ ይላክ።