ሴንቲኔል፦ የባሕር ዳርቻው ፈጣን ዘብ

የባሕር ድንበር በግዙፍ የጦር መርከቦች ብቻ አይጠበቅም። ኮንትሮባንድን፣ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውርንና ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርን ለመከላከል፣ በማዕበል የተያዙ ሰዎችንም ለመታደግ በየዕለቱ የሚሰማሩት አነስ ያሉ ፈጣን የቅኝት መርከቦች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል የሚገለገልባቸው "ሴንቲኔል" የተሰኙት መርከቦች ይጠቀሳሉ። ስያሜው "ዘብ" ማለት ነው።

አመጣጣቸው

ኃይሉ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲጠቀምባቸው የቆዩት "አይላንድ" የሚባሉት መርከቦች 33 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ነበራቸው። እርጅና ሲጫናቸው ርዝመታቸውን ወደ 37 ሜትር ተኩል በማሳደግ አገልግሎታቸውን ለማራዘም ታሰበ። ይሁን እንጂ የተቀጠሉት ስምንቱ መርከቦች አካላቸው መጉበጥና መሰንጠቅ በመጀመሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሥራ ውጭ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ኃይሉ በተግባር የተፈተነ ንድፍ መውሰድን መረጠ። የተመረጠው የሆላንዱ ዳመን ኩባንያ ንድፍ ሲሆን፣ ደቡብ አፍሪካም ዓሣ ሀብቷን ለመጠበቅ በዚሁ ንድፍ የተሠሩ መርከቦችን ቀድማ አሰማርታ ነበር። የግንባታው ውል እ.ኤ.አ. በ2008 በሉዊዚያና ግዛት ለሚገኘው ቦሊንገር የመርከብ ግንባታ ኩባንያ ተሰጠ። የመጀመሪያው መርከብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2012 በማያሚ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከ50 በላይ ተሠርተዋል።

ቁመናና አሠራር

የመርከቡ ርዝመት 47 ሜትር ገደማ ነው። በሁለት የናፍጣ ሞተሮች እየተገፋ በሰዓት ከ28 ኖት በላይ፣ ማለትም 52 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ፍጥነት በመንገድ ላይ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ብዙ ባይመስልም፣ ውኃን እየሰነጠቀ ለሚጓዝ ከ350 ቶን በላይ ለሚመዝን አካል ከፍተኛ ነው። 24 ያህል መርከበኞችን ይዞ፣ ስንቅና ነዳጅ ሳይጨምር ለአምስት ቀናት ባሕር ላይ ይቆያል። ትጥቁም 25 ሚሊ ሜትር መድፍና አራት ከባድ መትረየሶች ናቸው።

የመርከቡ ዋነኛ ብልኃት ግን በኋላ ክፍሉ ይገኛል። በዚያ ባለው ተዳፋት መንሸራተቻ አንዲት ትንሽ ፈጣን ጀልባ ትቀመጣለች። አጠራጣሪ መርከብ ሲታይ ዋናው መርከብ ጉዞውን ሳያቋርጥ ጀልባዋ ወደ ውኃው ትንሸራተታለች፤ ፈታሾችን አድርሳም በዚያው መንገድ ትመለሳለች። በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ መሠረት የጦር መርከብ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ የየትኛውም ሀገር ዜግነት የሌለውን መርከብ ወጥቶ መፈተሽ ይችላል።

ከስማቸው ጀርባ

እያንዳንዱ መርከብ የሚሰየመው ማዕረጉ ዝቅ ብሎ ሳለ ታላቅ ጀብዱ በፈጸመ የኃይሉ አባል ስም ነው። የመጀመሪያው "በርናርድ ዌበር" ተባለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1952 በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ "ፔንድልተን" የተባለች የነዳጅ ጫኝ መርከብ በማዕበል ለሁለት ተሰነጠቀች። ዌበር ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር 11 ሜትር ብቻ በምትረዝም የእንጨት ጀልባ ወጥቶ፣ ኮምፓሱን ማዕበል ወስዶበትም 32 መርከበኞችን በሕይወት አወጣ። አራቱም የወርቅ የሕይወት አድን ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ለቀጣናው ያላቸው ትርጉም

ከእነዚህ መርከቦች ስድስቱ መቀመጫቸው ባሕሬን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2024 ከእነርሱ አንዱ በአረቢያ ባሕር ላይ አንድ መርከብ ፈትሾ ከ200 በላይ ጥቅል የጦር መሣሪያና የሚሳኤል ክፍሎች ይዟል። የአሜሪካ ጦር እንዳስታወቀው ጭነቱ ከኢራን ተነሥቶ የመን ወደሚገኙት የሁቲ ኃይሎች ሲጓዝ የነበረ ነው።

በእነዚህ ውኆች ላይ የሚሆነው ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው የአፈር ማዳበሪያ፣ ከተማውን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ በባሕር ተጓጉዞ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ የመድን ዋጋ ንሯል፤ በርካታ መርከቦችም አፍሪካን በደቡብ ዞረው ለመሄድ ተገደዋል። በዚሁ ውኃ ሥራ ፍለጋ ወደ የመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከአቅም በላይ በተጫኑ ጀልባዎች እየሰመጡ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ፈጣን የቅኝት መርከብ በአቅራቢያ መኖር አለመኖሩ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ዘርፍ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የባሕር ኃይሏ ምጽዋን ማዕከል አድርጎ በቅኝት ጀልባዎች ዳርቻውን ይጠብቅ ነበር። ሀገሪቱ የባሕር በሯን ካጣች በኋላ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 መልሶ የማቋቋም ሐሳብ ይፋ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳይ ጋር በዘርፉ ለመተባበር ስምምነት ተፈርሟል። የ"ሴንቲኔል" ታሪክ እንደሚያሳየው የባሕር ጥበቃ የመርከብ ግዢ ብቻ አይደለም፤ ለባሕሩ ጠባይ የሚስማማ ንድፍ፣ የማያቋርጥ ጥገናና የሠለጠነ ባሕርተኛ ይሻል።